ጥማዱን ሁለት ጊዜ የቆጠርሁ ዕለት

ሐሙስ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። አባቴ ምርጥ ዘር ሊወስዱ ከደብረ ኤልያስ ወደ ደብረ ማርቆስ መጥተው፣ በኪራይ ቤቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ በማግሥቱ በዩኒቨርሲቲው የማቀርበውን ጥናት አያለሁ።

ጥናቴ ከትንንሽ ጋላክሲዎች ምን ያህሉ አጠገባቸው ጓደኛ እንዳላቸው ይጠይቃል። በቴሌስኮፕ የተነሣውን ሰማይ እኔ በዓይኔ ቆጠርሁ፤ ኮምፒውተር አስልቶ የሠራውን ሰማይ ደግሞ ፕሮግራሙ ቆጠረልኝ። የእውነተኛው ሰማይ ጥንዶች የኮምፒውተሩን እጥፍ ሆነው ተገኙ። አማካሪዬ በጣም ተደሰቱ። ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ሰው፣ በመጨረሻ የምናገረው ነገር አግኝቼ ነበር።

"ይኼ ብልጭልጭ ምንድን ነው?" አሉ አባቴ።

"የከዋክብት ስብስብ ነው፣ አባባ። ትንንሾቹ ብቻቸውን ናቸው ወይስ ጓደኛ አላቸው እያልሁ አያለሁ።"

"መቀናጆ በይኛ! ባለ አንድ በሬ ከባለ አንድ በሬ ጋር ተጣምሮ ሲያርስ።"

"አዎ፣ እንደዚያው።"

"እንዴት አድርገሽ ትቆጥሪዋለሽ?"

"አንድ በአንድ እየሄድሁ፣ ጓደኛ ላለው ሁሉ አንድ ጥንድ እጽፋለሁ።"

አባቴ ሣቁ። "እንደዚያ እንደ ቀበሌው ቆጣሪ ሆንሽዋ! የመንደራችንን ጥማድ ሊመዘግብ መጥቶ በየቤቱ 'ተቀናጅተሃል?' ይላል። እኔም አዎ አልሁ፤ የተቀናጀኝ ጎረቤቴም አዎ አለ። ለሁለታችንም አንዳንድ ጥማድ ጻፈልን። በሁለት በሬ ሁለት ጥማድ! በእሱ ወረቀት በሬው ሁሉ ብቻውን ነው የሚያርሰው! አንቺስ ያን ሁሉ ዓመት ተምረሽ?"

ፊቴ ጋለ። የቆጠርሁበትን መዝገብ ገለጥሁ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያሉት ሁለቱ፣ ዝቅ ብሎ ቦታ ተለዋውጠው እንደገና ተጽፈዋል። ሁሉም እንደዚያው። ፕሮግራሙ ግን እያንዳንዱን ጥንድ አንዴ ብቻ ነበር የቆጠረው።

የተደገመውን ሁሉ ስሰርዝ ቁጥሩ በግማሽ ወረደና ከኮምፒውተሩ ጋር ተስተካከለ። ግኝቴ ጠፋ። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። ማንም አይቶት የማያውቅ፣ በስሌት ብቻ የተሠራ ሰማይ፣ ከትንንሾቹ ስንቱ እንደሚቀናጁ እንዴት አወቀ? አባቴ ዘራቸውን ይዘው መኪና እስኪሳፈሩ ድረስ ስለዚሁ ሳስብ ቆየሁ።

አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይሰበሰብ፣ የአማካሪዬን ቢሮ አንኳክቼ ገባሁ። "የላክሁልዎት ቁጥር እጥፍ ነው፤ ተሳስቻለሁ" አልሁና፣ ሰሌዳው ላይ አንድ ቀንበርና ሁለት በሬ ሣልሁ።