የበርጩማ ጠራቢው ውስጥ እግር

በቦሳ አዲስ ሰፈር የሚኖረው ቲጃኒ በርጩማ የሚጠርበው በእጁ ብቻ አይደለም። የዋንዛውን ግንድ በሁለት ውስጥ እግሮቹ መሃል ወጥሮ ይይዘዋል፤ እንጨቱ በየት በኩል ሊሰነጠቅ እንደሚዳዳው ከእጁ ቀድሞ እግሩ ያውቃል። መንዙማ እያንጎራጎረ ሲጠርብ ያየ መንገደኛ፣ እንጨትና ሰው ተቃቅፈው የሚያዜሙ ይመስለዋል።

ስለዚህ ቀኝ ተረከዙ ሥር ጥቁር ነጥብ ሲወጣ አልደነገጠም። የበርጩማ ቀለም ነው አለ፤ ሌላ ምን ሊሆን? የጨነቀው ውዱኡ ነበር። ቀለም ቆዳውን ጋርዶ ውሃ ካላስነካ ትጥበቱ አይሞላማ። እናም ለሶላት በታጠበ ቁጥር፣ እንጨት እንደሚያለሰልስ ሁሉ፣ ነጥቡን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገው ጀመር። ነጥቡ አልለቀቀም። ጠርዙ እንደ ፈሰሰ ቡና ተዛባ፣ ሰፋ፣ አንድ ቀን ደማ።

ሚስቱ ለጢፋ ደሙን አይታ ዝም አላለችም።

«ቀለም ይደማል እንዴ ቲጃኒ? ማሎ፣ እባክህ ተነስ።»

እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችው። የቆዳ ሐኪሟ ዶክተር አቢጊያ ተረከዙን በማጉያ መስታወት አይታ ናሙና ወሰደች። ውጤቱ ሲደርስ ሁለቱንም አስቀምጣ ነገረቻቸው፤ ሜላኖማ የሚባል፣ እምብዛም የማይገኝ የቆዳ ካንሰር ነው። ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት ይነሳል፤ ጠቆር ያልን ሰዎች ላይ ሲወጣ ውስጥ እግርንና የጥፍር ሥርን ይመርጣል። ብርጭቆ ወረቀቱ አላመጣውም አለች፤ ቶሎ እንዳይታይ ግን አዘግይቶታል።

ቲጃኒ ከዚህ ሁሉ የያዘው ካንሰር የምትለዋን አንዲት ቃል ነበር። እግሩ ከጉልበቱ በታች ታጥፎ የተሰፋ ሱሪ ሆኖ ታየው። ለጢፋ ብቻዋን ስታረጅ ታየችው።

«ልጄ፣ አትደብቂኝ። እኖራለሁ?»

«ጋሽ ቲጃኒ፣ ወደ ውስጥ ብዙ አልዘለቀም። በሽታው አስቀድሞ የሚዛመትበት የብሽሽትዎ ንፍፊት ንጹሕ ከሆነ፣ እንደርስዎ ያሉ ብዙዎች ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። መማል ግን አልችልም። ሊመለስ ስለሚችል ለዓመታት እየመጡ ይታዩኛል።»

እግሩም አይቆረጥም፤ ነጥቡ ከነዙሪያው ወጥቶ፣ ቦታው ከጭኑ በተወሰደ ቆዳ ይሸፈናል። የንፍፊቱ ምርመራ እስኪደርስ ለጢፋ ዱአ ከአፏ አልጠፋም። ንጹሕ ነው ሲባል ተቀምጣ አለቀሰች፤ ቲጃኒ ደግሞ ያን ቀን የሚያውቀውን ሰው ሁሉ፣ የሆስፒታሉን ዘበኛ ሳይቀር፣ መረቀ።

ከቀዶ ጥገናው ማግስት ለጢፋ አጥሚት ይዛ መጣች። ጭኑና ተረከዙ ላይ ያለውን ፋሻ ተራ በተራ አየች።

«እንግዲህ በጭንህ ልትራመድ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?»

ስፌቱ እስኪያመው ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ በዚያው ትንፋሽ አንጎራጎረ፤

አካሌን ስትጠርብ፣ ስትሰጠኝ ቀለሜን፣
አንተ ነህ የምታውቅ ጤናዬን፣ ህመሜን።

ከጎኑ የተኛው በሽተኛ አሚን አለው።

ቁስሉ ዘግይቶ ዳነ። አዲሱ ቆዳ ግንድ መግፋት አይችልም፤ ቲጃኒ እንጨቱን በግራ እግሩና በጉልበቱ መያዝ እንደ ሕፃን ተማረ። ሥራው አዝግሟል፤ አንድ ሁለቱ በርጩማ እግሩ ተንጋዶ ለማገዶ ሄዷል። አልሐምዱሊላህ ይላል፣ ስለ ማገዶውም ጭምር።

በቅርቡ ለክትትል ሲሄድ ዶክተሯ ተረከዙን አየች፤ ብሽሽቱን ዳሰሰች፤ ምንም የለም፣ በቀጠሮዎ ይምጡ አለችው። ከዚያው ባልና ሚስት ሰቃ ከተማ ወረዱ፣ እንጨት ነጋዴው ኡመይር ዘንድ። ቲጃኒ ከተደረደረው ግንድ ሁሉ አልፎ፣ በቅርቡ የተቆረጠ ወፍራም ዋንዛ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው እኮ እርጥብ ነው» አለ ኡመይር። «ሁለት ክረምት ሳያልፈው መሮ አይነካውም። ደረቁን ልስጥዎት?»

ቲጃኒ ለጢፋን አያት። እሷ ግንዱን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«እርጥቡን ጫንልን» አለች። «ኢንሻአላህ፣ እኛው እናደርቀዋለን።»