የጋሽ ቱሉ ባዝራ

ልጅ እያለሁ ቅዳሜ ማለት እንጦጦ ነበር። አባቴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ይውልና፣ ቅዳሜ ጠዋት እኔንና የጎረቤታችንን ልጅ ሐናን አስከትሎ ከጉለሌ ሽቅብ በእግር ይወጣል። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው። የባሕር ዛፉ ሽታ አፍንጫችንን ሲሰነፍጠን መቃረባችንን እናውቃለን። መጀመሪያ ማርያምን እንሳለማለን፤ ከዚያ አባቴ የጥንቱን ቤተ መንግሥት የጭቃ ግድግዳ እየዳሰሰ፣ «እዚህ ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው አገር ገዙ፤ እናንተ ሳሎን ጠበበን ትላላችሁ» ይለናል።

የእኛ ልብ ግን ጋሽ ቱሉ ጋ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ባለው ሜዳ እንግዶችን በፈረስ የሚያዞሩ፣ ከሰው ይልቅ ከፈረስ ጋር ማውራት የሚቀናቸው ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ያለቻቸው አንዲት ዳማ ባዝራ ነበረች። እኔንና ሐናን በየተራ አውጥተው፣ ልጓሙን ራሳቸው ይዘው ሜዳውን ያዞሩናል።

አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ጊዜ፣ አንድ ቅዳሜ ጋሽ ቱሉ ሐናን «አንቺስ ገብቶሻል፤ ዛሬ ብቻሽን ሂጂ» ብለው ልጓሙን ሰጧት። ሐና ቀጥ ብላ ተቀምጣ ሜዳውን ዞረች። አባቴ አጨበጨበላት። ተራዬ ሲደርስ ለእኔም እንዲለቁልኝ ለመንኳቸው።

«አንቺ ገና ትፈሪያለሽ፣ ልጄ። ፈረስ ደግሞ ፍርሃት ይሸተዋል» አሉኝ።

ሐና ሳቀች። በክፋት አልነበረም፤ ግን ሳቀች።

እሷ ለሁለተኛ ጊዜ ኮርቻው ላይ ስትወጣ ከአጋሙ ቁጥቋጦ አንድ እሾህ ቀነጠስኩ። አባቴና ጋሽ ቱሉ ወሬ ይዘው ነበር። ከኋላ ተጠግቼ የባዝራዋን ታፋ ወጋሁት። ባዝራዋ ዘለለች። ሐና ድንጋይ ላይ ወደቀች፤ ቀኝ እጇ ከክርኗ ተሰበረ።

አባቴ ለማንም አንቱታ የማይነፍግ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን ሐናን እንዳቀፈ፣ «አንተ ሰውዬ! ያልተገራ ከብት ላይ የሰው ልጅ ታወጣለህ?» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ቱሉ ባዝራዋን ለማረጋጋት ታፋዋን ሲዳብሱ እጃቸው ድንገት ቆመ። እሾሁን ነቅለው መዳፋቸው ላይ አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጌታዬ» አሉት አባቴን። «ልጓሙን መልቀቅ አልነበረብኝም።»

ሌሎቹ ባለፈረሶች «ስማችንን አጠፋህ» ብለው ከሜዳው አባረሯቸው። ብዙም ሳይቆይ ባዝራዋን ሸጎሌ ለሚሠራ ጋሪ ነጂ እንደሸጡ ተሰማ። አባቴ «ይበላቸው!» አለ። ምሳ ላይ ነበርን። እኔም መብላቴን ቀጠልኩ።

ዛሬ ያ የጭቃ መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ፈረስ የሚጋልቡ ልጆችም የራስ ቁር ያደርጋሉ። ባለፈው ወር ከሐናና ከስምንት ዓመት ልጇ ከማክዳ ጋር ወጣን። አንድ አዛውንት ባለፈረስ አገኘሁና ስለ ጋሽ ቱሉ ጠየቅኋቸው። «ቱሉ? ባዝራዋን ከሸጠ በኋላ ከቤት አልወጣም፤ በዚያው አረፈ» አሉኝ።

ማክዳ ፈረስ ላይ ካልወጣሁ ብላ አለቀሰች። ሐና እጅጌዋን ሰብስባ እስከ ዛሬ የማይዘረጋ እጇን አሳየቻት። «ፈረስ አይታመንም፣ እናቴ። የኔዋ እብድ ነበረች፤ ማንም ሳይነካት ነው የጣለችኝ።»

ልጅቱ አላመነችም። ወደ እኔ ዞራ፣ «አክስቴ፣ አንቺም እዚያ ነበርሽ አይደል? እውነት እብድ ነበረች?» አለችኝ።

ያኔ ዝም ያልኩት ልጅ ስለነበርኩ ነው፣ ፈርቼ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አባበልኩ። አሁን አርባ ሊሞላኝ ነው፤ የሚቆጣኝ አባትም የለም። ሐና እጅጌዋን እየመለሰች መልሴን ትጠብቃለች።

«አዎ» አልኳት። «እብድ ነበረች።»