የጽጌረዳው መደብ

የጎረቤታችን ልጅ ትዕግሥት በጥር ታገባለች። ትናንት ለፎቶ የሚሆን ቦታ ልምረጥ ብላ የሠርግ አልበሜን ስታገላብጥ አንዱ ገጽ ላይ ቆመች። "አባትሽ ካሜራውን ትተው መሬቱን ምን እያሉት ነው?" አለችኝ። ሌላ ሰው ሲጠይቀኝ ፀሐዩ ዓይኑን ወግቶት ነው ብዬ አልፋለሁ። ትናንት ግን አፌ እምቢ አለኝ።

ሠርጌ ሲቃረብ እጮኛዬን ሥራ ያዘውና አባዬ አጀበኝ። ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ያሉትን የድሮ ቤተ መንግሥቶችና አትክልቶች አይተን ያማረውን ልመርጥ ነው። እኛ ዘንድ አበባ መሀል ፎቶ ያልተነሳ ሙሽራ ያገባም አይመስለው። ኅዳር ነበር፤ ጤፉ እየታጨደ፣ የሽምብራ እሸት በየመንገዱ ዳር ይሸጣል። አባዬ አንድ እቅፍ ገዝቶ እየፈለፈለ ያጎርሰኛል፤ ሊድረኝ ተነሥቶም ገና ሕፃን ነበርኩለት።

አዲስ ዓለም ያለው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ቆይቷል፤ ለቬሎና ለሳቅ አይሆንምና ተሳልመን ወጣን። ስንመለስ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የድሮ መኳንንት ግቢ እንዳለ ሰምቼ ስለነበር እዚያ እንውረድ አልኩት። አባዬ የትኛው ግቢ እንደሆነ ጠየቀኝና ስነግረው መፈልፈሉን ተወ። የያዘው እሸት እጁ ላይ ቀረ። ደክሞት ነው አልኩ።

ግቢው ልብ ይሰርቃል። የእንጨት ሰገነት ያለው ቤት፣ ያረጁ ጥዶች፣ ከጓሮ ደግሞ ዓይን የማይጠግበው የቀይ ጽጌረዳ መደብ። ጥበቃው ኦቦ ዱጋሳ "አካም ጅርቱ" ብለው ተቀበሉን። ሊያስጎበኙን ሲሉ አባዬ ቀደማቸውና ሐረግ የሸፈናትን ጠባብ በር ገፍቶ ወደ ጓሮ ገባ። እኔ በሯን አላየኋትም ነበር።

"ኦቦ፣ እዚህ ሠርተው ያውቃሉ እንዴ?" አሉት ኦቦ ዱጋሳ።

"ይህን መደብ የቆፈርኩት እኔ ነኝ።"

ሳቅኩ። መምህሩ አባቴ አንድ ቀን እንኳ ችግኝ ሲተክል አይቼው አላውቅም።

"ለአበባ አልነበረም" አለ።

ቀስ በቀስ ነገረን። በደርግ ጊዜ ግቢው እስር ቤት ነበር። ጅማ አስተምር ነበር የሚለንን ዓመታት አባዬ ያሳለፈው እዚህ ኖሯል። አንድ ጠዋት አካፋ ሰጥተው አስቆፈሩት፤ የተገደሉትን ሦስት ጓደኞቹንም በእጁ አስቀበሩት። ከቆምኩበት መደብ ላይ እሳት እንደነካኝ ዘልዬ ወጣሁ። ኦቦ ዱጋሳ አበባ የሚያጠጡበትን የውሃ ጎማ ጥለው "ያ ዋቅ" ብለው ቀስ ብለው ፈጣሪያቸውን ጠሩ። በየሳምንቱ ሙሽሮችን የሚያቆሙት እዚያው ላይ ነበር።

"እንሂድ አባዬ፣ ሌላ ቦታ አላጣም" አልኩት እጁን እየጎተትኩ።

"የለም፣ እዚሁ ነው የምትነሺው። ሦስቱም ሳያገቡ ነው የሄዱት። ስንቀብራቸው ማልቀስ እንኳ ተከልክለን ነበር። ልጄን ድሬ ላሳያቸው።"

በሠርጌ ዕለት ሚዜዎቼ መደቡ ላይ ሊወጡ ሲሉ ኦቦ ዱጋሳ አበባው ይረገጣል ብለው ከለከሏቸው። እኔና አባዬ ዳሩ ላይ ቆምን። ፎቶ አንሺው "አባባ፣ ወደዚህ ይዩ" እያለ ደከመው።

አባዬ ካረፈ ቆየ፤ የእኔ ድንጋጤ ግን አሁንም ትኩስ ነው። እሸት እየፈለፈለ ሲያጎርሰኝ የኖረ እጅ ያንን ሁሉ ዓመት ያንን ጉድ ይዞ እንዴት ዝም እንዳለ ዛሬም አይገባኝም።

ለትዕግሥት ይህን ሁሉ ነገርኳትና ፎቶውን መልሼ አሳየኋት። አባዬ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ክንዴን ይዞ፣ ወደ ጽጌረዳው ጎንበስ ብሏል። ከአጠገቡ ስለነበርኩ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

"በቀለ፣ ፈይሳ፣ መሐመድ፤ ልጄ ናት" ነበር የሚለው።