የሞጣው ፓስዎርድ በቢቸና

ታላቅ እህቴ ጤና ባለሙያ ሆና ሞጣ ከተመደበች ወዲህ ቢቸና ያለው ቤታችን ወሬ አጠረው። ክረምት ላይ ሄጄ ሁለት ሳምንት አብሬያት ሰነበትኩ። ለተከራየችው ክፍል ዋይፋይ ያስገባችበት ሰሞን ነበርና ስሙንም ፓስዎርዱንም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ስንለያይ ለመስቀል እንደምትመጣ ነገረችኝ።

ብዙም ሳይቆይ አባቴ ለእኛም ቤት ራውተር ገዛ። ባለሙያ እንጥራ ሲል እኔ አለሁ አልኩት። ከሥሩ የተጻፈውን አድራሻ በስልኬ ከፈትኩና ሆን ብዬ የሞጣውን ስምና ፓስዎርድ፣ አንድ ፊደል ሳልቀንስ፣ ደገምኩበት። እንዲህ ከሆነ የእህቴ ስልክ ሁለቱን ቤት አይለይም፤ ገና ግቢ ስትደርስ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱ ይገናኛል። ኩራት ኩራት አለኝ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ያስቸገረችኝ እናቴ ናት። ውድ ዕቃ ነው ብላ እንደ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለበሰችው። አልበቃት ብሎ፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት፣ ቡፌው ውስጥ ከብረት ትሪዎቹ ኋላ ቆለፈችበት። ኔትወርኩ ከሳሎን አልወጣ አለ። ታፍኖ እንደማይሠራ ባስረዳት፣ «አንቺስ በር ዘግተሽ አይደል ቀኑን ሙሉ የምታወሪው?» አለችኝ። በስንት ልመና ቁምሳጥኑ አናት ላይ ወጣ። ዳንቴሉም ከሥሩ ተነጠፈለት።

መስቀል ደረሰ፤ እህቴ ተረኛ ነኝ ብላ ቀረች። ገናም እንዲሁ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ የራውተሩን ገጽ ከፍቼ የተገናኙትን ስልኮች አያለሁ። የአባቴና የእኔ። የእናቴ እንደሆነ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፣ ዋይፋይ አያውቅም፣ አይቆጠርም።

አንድ ቅዳሜ ሦስተኛ ስልክ ገባ። የእህቴ! ጫማ ሳላደርግ ወደ በሩ ሮጥኩ። በሩ ላይ ከሞጣ የተመለሱት ነጋዴ ጎረቤታችን ቆመዋል፤ የእህቴን ስልክ በእጃቸው ይዘዋል። ለራሷ አዲስ ገዝታ አሮጌውን ለእናቴ ልካ ኖሯል፣ ሳታጠፋው።

ስልኩን ተቀብዬ፣ እናቴ እንኳ ሳትነካው፣ በራሴ ስልክ ለእህቴ ደወልኩላት።

«እታለም፣ ስልክሽ ቤቱን አውቆ ገባ። አንቺስ?»

 

«አልጋው ላይ በእኔ በኩል ማን ይተኛል?» አለችኝ።

ማንም አይተኛም አልኳት። እውነቱን ለመናገር፣ ከሄደች ጀምሮ የሁለታችን አልጋ መሀሉ ላይ ተዘርግቼ ነበር የምተኛው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በራሴ በኩል ወደ ግድግዳው ጠጋ ብያለሁ።