ኩዌትን ፍለጋ ወደ አምባሰል

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጦርነቱ ሐይቅን ለቆ ከወጣ ገና ዓመት ቢሞላው ነው። የሕፃናት አስተማሪ ነኝ እላለሁ እንጂ የአስተማሪነት ወረቀት የለኝም። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን ከተገኘው መጽሐፍና ከሬዲዮ የለቃቀምኩ ሴት ነኝ። የሰፈራችን መዋዕለ ሕፃናት ወንበሮች በጦርነቱ ጊዜ ማገዶ ሆነው ስላለቁ፣ ልጆቹም እኔም ሰሌን ላይ ነበር የምንቀመጠው። ለተረት ደግሞ ከሰሌን የተሻለ ወንበር የለም።

ለጉዞ ያስነሳኝ አንድ ትምህርት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከልጆቹ ጋር ሌላ አገር "እንሄድ" ነበር። የምንሄደው በእጃችን እየሠራን ነው። ቻይና የሄድን ለት የተቆላ ባቄላ በሁለት እንጨት ለማንሳት ስንታገል ግማሹ ባቄላ ሰሌን ስር ገባ፤ ግማሹ ሆድ ውስጥ። ከዚያ የኩዌት ተራ ደረሰ። ከልጆቼ የብዙዎቹ እናት ወይም አክስት እዚያ ስላለች እንደ ሰርግ ተዘጋጀሁ። ከሐይቁ ዳር አሸዋ አመጣሁ፤ በካርቶን ግመል ሠራን፤ ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቴምር ሰጠሁ።

"በሉ፣ ኩዌት ገብተናል!" አልኩ። "ሰዎቹ ምን ያደርጋሉ? አሳዩኝ።"

ሐያት ብድግ አለች። አምስት ዓመቷ ነው። ሻርፗን ወገቧ ላይ አሰረችና ከበር ጀርባ መጥረጊያ አንስታ አሸዋዬን መጥረግ ጀመረች። ሌሎቹም ተከተሏት። አንዷ ሳህን አጠበች፣ አንዷ ልብስ ተኮሰች፤ ከማል ደግሞ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይጮህባቸዋል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ወደ ሐያት ጎንበስ አልኩ።

"ሐያትዬ፣ እዚያ አገር ጨዋታ የለም?" አልኳት።

"የለም ቲቸር። መጥረጊያ ብቻ ነው ያለው።"

የሐያት እናት ልጇን በሁለት ዓመቷ ለአያቷ ለእማ ፋጡማ ትታ ነው ኩዌት የሄደችው። አርብ አርብ ትደውላለች፤ ልጅቱ ግን አልጋ ስር ገብታ ጆሮዋን ትይዛለች። "ወላሂ እናቷ ስልኩን ሳትዘጋው ነው የምታለቅሰው" አለችኝ እማ ፋጡማ። "እስቲ ብልሃት ካለሽ ያንቺን ልይ።"

ብልሃቱ እህቴ ዘንድ እንዳለ ታየኝ። ታናሼ ሰዓዳ ለውጡ በመጣበት ዓመት፣ ሁሉም ሰው ተስፋ ተስፋ ሲል፣ ኩዌት ሄዳ አራት ዓመት ሠርታለች። ከተመለሰች ወዲህ አምባሰል ስር እናታችን ዘንድ ናት። አፏንም ሻንጣዋንም አልከፈተችም። እኔ ደግሞ ቆረጥኩ፤ ያን ሻንጣ ላመጣው!

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ሐይቅ

ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪወጣ አላስቻለኝም፤ ሁለት ጊዜ ወርጄ ሁለት ጊዜ ገባሁ። ሐይቁ ከጉም ስር ብቅ ጥልቅ ይላል። ዓሣ የሚሸጡት ገና ከጀልባ እየወረዱ ነበር። አጠገቤ ገመድ ነጋዴ የሆኑ ሽማግሌ ተቀመጡ፤ ጋሽ ይመር ይባላሉ።

"ወዴት ነሽ እቱ፣ እንዲህ እግርሽ የሚወዛወዘው?"

"አምባሰል፣ ጋሼ። ኩዌትን ላመጣ።"

ዞር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ሰው ከአምባሰል ተነስቶ ኩዌት ሲሄድ ነው የማውቀው። ኩዌት አምባሰል መግባቷን አልሰማሁም።"

ከኋላ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ነገሩን ስነግራቸው ግን ጋሽ ይመር ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሱሉላን ካለፍን በኋላ ነው የተናገሩት። "የኔም ልጅ ዱባይ ናት። ደኅና ናት ወይ ይሉኛል፣ ደኅና ናት እላለሁ። ምን ትበላለች፣ ምን ያስቃታል ቢሉኝ ግን አላውቅም። አብሽሪ ልጄ፣ መንገድሽ በረካ ይሁን።"

በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው አናቱ ቀልቶ ቆሟል። አንድ ቦታ የተቃጠለ የጭነት መኪና አጽም ላይ የእረፍት ቀናቸው የሆነ ልጆች ተሰቅለው ሹፌር ሹፌር ይጫወታሉ። መሪ የለውም፤ አፋቸው ግን ጥሩንባም ሞተርም ነው። ልጅ እንዲህ ነው፤ ምን ብትሰጠው ጨዋታ ያደርገዋል። "ታዲያ የኔዎቹ ስለምን መጥረጊያ ብቻ ያዙ?" እያልኩ ውጫሌ ገባሁ።

ሦስት ሰዓት፣ ውጫሌ

ከአንዲት ደልዳላ ሴት ቤት ፉል በትኩስ ዳቦ በላሁ። ቃሪያው እንባዬን አስመጣው፤ ሴትዮዋ "የሐይቅ ሰው ዓሣ ለምዶ ቃሪያ አይችልም" ብላ ቀለደችብኝ። ለእናቴ ስኳርና ሳሙና፣ ለሰዓዳ ደግሞ አንድ እስር ጥንቅሽ ገዛሁ። ልጅ ሳለን በዚህ በጣፋጭ የማሽላ አገዳ ስንጣላ ነው ያደግን። ባጃጁ አቀበቱ ስር አወረደኝና የቀረውን አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ወጣሁት። የአምባሰል ገደል ከላይ እንደ ግድግዳ ተገትሯል።

ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ቤት

ሰዓዳ ትከሻዬን ስማ ጥንቅሹን ተቀበለችኝ። ፊቷ ላይ ሥጋ መለስ ብሏል። እናቴ ዱዓዋን ሳትጨርስ እኔ ወሬዬን ጀመርኩ፤ አሸዋውን፣ ቴምሩን፣ የካርቶን ግመሉን። ሰዓዳ ጥንቅሹን እየላጠች ድንገት ሳቋ አመለጣት።

"ግመል? አራት ዓመት ኩዌት ተቀምጬ ግመል ያየሁት በቴሌቪዥን ነው! ግመል ያማረሽ እንደሆነ እዚሁ ባቲ ገበያ አትወርጂም ነበር?"

እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ እንዴት አልስቅ? የባቲን ግመል ለሚያውቅ የወሎ ልጅ ግመልን የኩዌት ብዬ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሳቁ በር የከፈተልኝ መሰለኝና ቸኮልኩ።

"እንግዲያው ሻንጣሽን ስጪኝ። ልብሱንም፣ ሽቶውንም፣ ያለውን ሁሉ ልጆቹ ይንኩት።"

ፊቷ ጠቆረ። ቢላዋውን አስቀመጠች። "ዕቃ ልትወስጂ ነው የመጣሽው ወይስ እኔን ልትጠይቂ?" ብላ ወጣች።

እናቴ ቆጣ አለችብኝ። "አንቺ ደግሞ ነገር ስትወጂ እንደ ጎርፍ ነሽ። ልጅቷን ተያት።"

እሑድ ማለዳ፣ ማማው ላይ

ሰዓዳ ማሽላውን ከወፍ ትጠብቃለች። በእርሻው መካከል በእንጨት ከተሠራው ከፍ ያለ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዛ ተቀምጣ አገኘኋት። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር አወጣጤ። ስለ ሐያት ጨርሶ እንዳልነገርኳት ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አቤት ጥፋቴ! ስለ ግመል አውርቼ ስለ ልጅቱ አላወራሁም። መጥረጊያውን፣ አልጋ ስር መግባቷን፣ የእናቷን ልቅሶ አንድ በአንድ ነገርኳት።

ሰዓዳ ወንጭፏን እንደያዘች ቀረች። ወፉ ማሽላው ላይ ሰፈረ፤ አላባረረችውም።

"እኔ እዚያ ቤት ስገባ የአሠሪዎቼ ልጅ ዳና ገና የስድስት ወር ነበረች" አለች። "ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አፏን የፈታችው እኔ ጉልበት ላይ ነው። በረመዳን አጋማሽ ልጆቹ አንገታቸው ላይ ከረጢት አንጠልጥለው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ቀርቂአን ይሉታል። ለውዙን፣ ከረሜላውን ይሰፍሩላቸዋል።"

"እንደኛ ሆያ ሆዬ!" ብዬ ከማማው ልወድቅ ደረስኩ።

"ቆይ አትቸኩይ። በየቤቱ የቤቱን ልጅ ስም ጠርተው፣ ለእናቱ ያቆይላት ብለው ይመርቃሉ። ዳና ሦስት ዓመቷ ላይ ከረጢቷን ይዛ ሁሉን ቤት አዳረሰችና መጨረሻ ወደ ማድ ቤት መጣች። እኔ እቃ አጥባለሁ። በሩን አንኳኳች።" ወንጭፏን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። "ቤት አለሽ ብላ አንኳኳችብኝ፤ ገባሽ? ያን ለት ያለኝን ሩዝ ነው የሰፈርኩላት።"

ከቀሚሷ ኪስ አንድ የተጣጠፈ ነገር አወጣች። በወርቃማ ክር የተጠለፈ ትንሽ ከረጢት ነው። ስትለያት ዳና አንገቷ ላይ ያጠለቀችላት ነው። ለካ ሻንጣው ውስጥ ምንም አልነበረም፤ ያለው ሁሉ ኪሷ ውስጥ ነበር።

"ይህን አልሰጥሽም" አለች።

"አልወስደውም። ይዘሽው ነይ።"

ከረጢቱን አጣጥፋ ኪሷ መለሰችው። ከዚያ ድንጋይ አጉርሳ ወንጭፉን አጮኸችው፤ ወፉ ሁሉ ተነሳ።

"ጨርቅና መርፌ አለሽ?" አለችኝ።

የመልስ ጉዞ

ሰኞ ማለዳ አንድ ላይ ወረድን። ውጫሌ ከልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ጨርቅ ለመንን፤ ማዳበሪያ ሙሉ ሰጡን። ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ሐይቅ ድረስ ሰዓዳ ስለ ዳና አወራች፣ እኔ ሰማሁ። እኔ እንዲህ ሰው አድምጬ አላውቅም፤ እናቴ ብታየኝ አታምንም።

ሦስት ቀን ሙሉ ክፍላችን የልብስ ሰፊ ቤት መሰለ። ልጆቹ ክር አስገቡ፣ ቁልፍ ለጠፉ፣ ከማል ከረጢቱን ከሱሪው ጋር ሰፍቶ ተገኘ። ሰዓዳ አንኳኩቶ መቆምን፣ የቤቱን ልጅ ስም መጠየቅን፣ ከዚያ መመረቅን አስተማረቻቸው። ሐያት መጀመሪያ ጥግ ይዛ ነበር። ረቡዕ ግን ሰዓዳን እጇን ጎትታ፣ "አንቺ እዚያ ስትጠርጊ ልጅቷ ትስቅ ነበር?" አለቻት።

"እኔ ስጠርግ መጥረጊያውን ፈረስ ታደርገው ነበር" አለቻት ሰዓዳ።

ሐያት ሮጣ ሄዳ መጥረጊያውን ጋለበችው።

አርብ ጠዋት ሰፈሩን ዞርን። ባለሱቁ "ምነው፣ የሆያ ሆዬ ወር ደረሰ እንዴ?" አለን፤ "ኩዌት ናት!" ብለው ጮሁበት። የሚካኤልን ማኅበር የምታዘጋጅ ጎረቤት ቆሎ ሰፈረችልን፣ ሌላው ጎረቤት ሐጂው ቴምር፣ ባለሱቁም ቀልዱን ጨርሶ ከረሜላ። በየበሩ የልጅ ስም ይጠየቃል፣ "ያሳድግልሽ! ያቆይልሽ!" ይባላል። ከጦርነቱ ወዲህ ሰፈራችን እንዲህ ሲንጫጫ አልሰማሁም። ልጇን በጦርነቱ ያጣች አንዲት ሴት ስሙን ስትጠየቅ ነገረቻቸው፤ እነሱም መረቁት። በሯን ሳትዘጋ ረጅም መንገድ በዓይኗ ሸኘችን።

የመጨረሻው ቤት የእማ ፋጡማ ነበር። የሐያት እናት የእረፍት ቀኗ ነው። ሰዓዳ አስቀድማ በቪዲዮ ደውላላት ስልኩን በመስኮቱ ደፍ ላይ አቁማዋለች። ልጆቹ ተሰለፉ። ሐያት ስልኩን ስታይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሰዓዳ ግን የዳናን ከረጢት አወጣችና የራሷ አንገት ላይ አጠለቀችው፣ ከሐያት ጎንም ተሰለፈች።

ሐያት ወደ ላይ አየቻት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዳ እንጨቱን አንኳኳች።

"ማን ነው?" አለ ከስልኩ የእናቷ ድምፅ።

"እኛ ነን። የልጅሽ ስም ማነው?"

"ሐያት" አለች እናቷ። "የልጄ ስም ሐያት ነው።"

ልጆቹ ሁሉ ባንድ ድምፅ መረቁ። እናቲቱ እዚያ ማዶ አንድ እፍኝ ለውዝ ወደ ስልኩ ዘረጋች፤ እማ ፋጡማ እዚህ ከመስኮቱ ውስጥ እጇን አውጥታ የሐያት ከረጢት ውስጥ ለውዝ አፈሰሰች። ሐያት ከረጢቷን ከፍታ አየች፣ አንድ ለውዝ አውጥታ ወደ ስልኩ ዘረጋች። "አንቺም ብዪ" አለቻት። ከዚያ ወዲያ አርብ አርብ አልጋ ስር የገባ ሰው የለም።

እኔ ከዚህ መንገድ የተማርኩት አጭር ነው። አገርን ለሕፃን የሚያሳየው ግመሉና አሸዋው ሳይሆን እዚያ ማን በማን በር እንዳንኳኳ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ከሐይቅ አምባሰል መሄድ ይበቃል፤ የሄደውን ሰው መጠየቅ፣ ጠይቆም ዝም ማለት ነው።

ሰዓዳ ቅዳሜ ወደ አምባሰል ተመልሳ ማሽላው እስኪሰበሰብ ወፏን ጠበቀች። አዝመራው ሲገባ ባዶ ሻንጣዋን ይዛ ሐይቅ መጣች። ከኔ ክፍል ቀጥሎ ያለውን ባዶ ክፍል ጠረገች፣ የዳናን ከረጢት ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀለች፤ ሰኞ ጠዋት አሥራ ሰባት ሕፃናት ተቀበለች።