ሐዝሚዬ ላይ ያልታዘዝነውን ቤት ስናጸዳ

ዓርብ ጠዋት፣ ከባውሽሪዬ መነሻ

ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እኔና ሞሚና ዓረብ አገር ከምንኖርበት ሰፈር፣ ከባውሽሪዬ ተነሣን። ሞሚና የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን መኖር ከጀመርን ሦስት ዓመታችን ነው። የምንሄደው ሐዝሚዬ በሚባል ሰፈር ያለ፣ እድሳቱ በቅርቡ ያለቀ ቤት በሁለት ቀን ልናጸዳ ነበር። «ማዳም» የምንላት የአሠሪያችን ልጅ ቅዳሜ ቀትር ላይ አዲስ ሚስቱን ይዞ ከውጭ ይገባል። ሁለታችንም የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለን ሥራ የምናገኘው አንዷ ማዳም ለሌላዋ «ጎበዞች ናቸው» ስትልልን ነው። ይህን ሥራ ካበላሸን ቀጣዩም የለም።

የጋራ ታክሲው ለአንድ ሰው ሁለት መቶ ሺህ ሊራ ነው። ሹፌሩ ባልዲያችንን አየና «ሦስት ናችሁ» አለ።

«ባልዲው አይቀመጥም፤ እኔ እታቀፈዋለሁ» አለችው ሞሚና። ያንን ሁሉ ዳገት እንደ ሕፃን ታቅፋው ወጣች። ስንወርድ ዛዕተር የሚሉት ቅመም የተቀባ ትኩስ ቂጣ ገዝተን እየተራመድን በላን።

ሐዝሚዬ፣ ሦስተኛ ፎቅ

መብራት ስለሌለ አሳንሰሩ አይሠራም። የሕንፃው ዘበኛ ከጄኔሬተሩ ጋር እየታገለ ስለነበር የሁሉንም ቤት ቁልፍ ከነቀለበቱ ወረወረልን። «ሦስተኛ ፎቅ፣ በግራ። ያላ፣ ቶሎ በሉ» አለ።

እየቆጠርን ወጣን። ምድር ቤቱ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት። ዘጠነኛው ቁልፍ በሩን ከፈተልን፤ ሞሚናም «አልሐምዱሊላህ» አለች።

ማዳሟ «ትንሽ ዕቃ አለው» ብላን ነበር። ያገኘነው ግን የአንድ ሰው ሙሉ ኑሮ ነው። ጋዜጣ እስከ ወገቤ ተከምሯል፤ መጋረጃው ሻይ ተነክሮ የወጣ ይመስላል፤ ወጥ ቤቱ በወይራ ማሰሮ ተሞልቷል። የታደሰ ቤት አይመስልም፤ ደውሎ መጠየቅ ግን አልደፈርንም።

«ሀብታም ትንሽ የሚለው ይህን ነው» አለች ሞሚና፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች።

ምሳ እንኳ ሳንበላ አሥር ሰዓት ሆነ። መጋረጃ አጥበን አሰጣን፤ የጣሪያውን መብራት ብርጭቆ በብርጭቆ አውርደን ወለወልን፤ ማሰሮዎቹን በቁመታቸው ደረደርን። ወገቤ እንደ ደረቀ እንጨት መታጠፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬ ጠራ። ማዳሟ ናት።

«የት ናችሁ?»

«ቤቱ ውስጥ ነን፣ ማዳም።»

«እኔም ቤቱ ውስጥ ነኝ።»

«ሳሎን ነን፣ ማዳም።»

«ሳሎኑ መሃል እኮ ቆሜያለሁ። ያኒ፣ ማለቴ፣ የታላችሁ?»

ሞሚና ማዳሟን ፍለጋ የተሰጣውን መጋረጃ ገልጣ ከኋላው አየች። ያኔ ከራሳችን በላይ የባለ ተረከዝ ጫማ ኳኳታ ሰማን። ያው ኳኳታ በስልኩም ይሰማል።

ለካ ፎቅ ሲቆጠር ምድር ቤት አይገባም፤ እኛ ያለነው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። እዚህ አገር ሰባት ዓመት ኖሬ ይህን አለማወቄ ያሳፍራል፤ ግን ሁልጊዜ በአሳንሰር ቁጥር ተጭኜ ነበር የምወጣው። ባለቤቱ ፖሊስ ቢጠራ መጀመሪያ የሚጠየቀው ወረቀት ነው። ሞሚና ባልዲዋን አንስታ «ኸላስ፣ በቃ እንውጣ» ስትል በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ ሣጥን ሙሉ በለስ ይዘው ገቡ። የሙቀቱን ወራት ተራራ ላይ ባለው መንደራቸው አሳልፈው ወደ ቤታቸው መመለሳቸው ነበር።

ሳሎኑን ዞረው አዩና ሣጥኑን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ማን ሞተ?» አሉ፣ ቤታቸው ለለቅሶ የተሰናዳ መስሏቸው።

«ማንም አልሞተም፣ ሙሲዮ። ፎቅ ተሳስተን ነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው የጣሪያውን መብራት አተኩረው አዩት። «ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ቡናማ ይመስለኝ ነበር። ለካ ብርጭቆ ነው» አሉና ተቀመጡ። ከዚያ በለስ እንድንበላ ጋበዙን።

ቅዳሜ፣ እውነተኛው ሦስተኛ ፎቅ

ማዳሟ ዓርብ ማታ የተናገረችውን አልጽፈውም። የእሷ ቤት ነጭ በነጭ የሲሚንቶ ብናኝ ነው፤ መብራቱም ውሃውም ገና አልተቀጠለም። ያዳኑን ሽማግሌው ናቸው። ንጋት ላይ ስንደርስ ከሰፈሩ ጄኔሬተር ከሚያገኙት መብራት ረጅም ገመድ በበረንዳ በኩል ላኩልን፤ ውሃም ከቧንቧቸው እየቀዳን ሽቅብ አመላለስን። እርዳታቸው ግን ዋጋ ነበረው። ዕቃቸውን የት እንዳስቀመጥን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን።

«ጨው የት ነው?» ይላሉ ከታች።

«ከሁለተኛው መሳቢያ፣ ሙሲዮ» እላለሁ በመስኮት።

«መነጽሬስ?»

ሞሚና መጥረጊያዋን ጥላ ትወርዳለች።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የመጨረሻውን ክፍል ወልውለን ጨረስን። ወለሉ ሳይደርቅ ሙሽሮቹ ገቡ። ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ እየሄደች «ሜርሲ» ብላ አመሰገነችን። አብራቸው የመጣችው ማዳሟ አፏ ላይ የደረሰውን ወቀሳ ዋጠችው። ስንወጣ ስልክ ቁጥራችንን ለእህቷ እንደምትሰጥ ነገረችን። ሽማግሌውም በየሐሙሱ እንድንመጣላቸው ጠየቁን።

ባውሽሪዬ፣ ቤታችን

ክፍላችን ስንደርስ የዓርብ ጠዋት ሻይ ብርጭቆ እንዳለ ነው፤ አልጋው አልተነጠፈም፤ ወለሉ ላይ ፍርፋሪ አለ። ሁለታችንም መጥረጊያውን አየነው፣ አልነካነውም።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝን በአጭሩ ልጻፈው። በሰባት ዓመት ውስጥ በሦስት ቋንቋ «እሺ» ማለት ተምሬያለሁ፤ «አልገባኝም፣ ድገሚልኝ» ማለትን ግን በአንዱም አልለመድኩም ነበር። ጎበዝ የሚባለው የማይጠይቅ ሠራተኛ ይመስለኝ ነበር። ይህንን ለሞሚና ስነግራት ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተዘርራ ነበር።

«አልገባኝም፣ ድገሚልኝ» አለችኝ።

መድገም ስጀምር እንቅልፍ ወስዷታል።