ሳይቀቡ የቀሩት ሦስት ድንጋዮች

ሥዕሉ መጣ! ትናንት የካርቱም መንገድ ነጋዴዎች በቀርከሃ ውስጥ ጠቅልለው አመጡልኝ። በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ አገኘ ማለት ነው። እናቴ አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ታለቅሳለች፤ እኔም ማረፍ አቅቶኝ ይህን እጽፋለሁ።

ሥዕሉ ሲሣል አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከአሶሳ ገበያ ማዶ ባለው ምሽግ ውጊያ ከተደረገ ወር አልሞላውም። አባቴ እዚያው ወድቆ እዚያው ተቀበረ፤ በላዩ ሦስት ነጫጭ ድንጋዮች አኖርን። መድፍ የቦደሰው የጭቃ ግንብ የተገመጠ ቂጣ ይመስል ነበር። ሣሩም ተቃጥሎ አመዱ ይበን ነበር። አንድ ቀን የጦርነት ሥዕል የሚሠራ ፈረንጅ መጥቶ ከግንቡ ፊት ለፊት አለት ላይ ተቀመጠና በአስተርጓሚው በኩል ውኃ ለመነኝ። ሊጠጣ መስሎኝ ሮጬ አመጣሁ። እሱ ግን ብሩሹን ነከረበት!

ሥዕሉን ቀርቤ ሳይ እድፍ ብቻ ነው። ራቅ ስል ግንቡ ብቅ ይላል፤ ስቀርብ ይጠፋል። ግራ ገባኝ። የባሰው ደግሞ፣ የወደቀውን በርና አጠገቡ ያለውን የሾላ ዛፍ ሳይቀር ቀብቶ የአባቴን ድንጋዮች ዘለላቸው። ቦታቸው ባዶ ወረቀት ነው።

«ዐሚ ኢድሪስ» አልኩት አስተርጓሚውን፣ አጎቶቻችንን እንደምንጠራው፤ «አባቴን ለምን ተወው? ምን በደለው?»

ጠይቆልኝ ሳቀ። «አልተውኩትም ይላል። የድንጋዮቹ ነጭ ቀለም ወረቀቱ ራሱ ነው።»

«ያልነካውን እንዴት ሠራሁት ይላል?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ የምተረጉመው አፉን እንጂ ቀለሙን አይደለም!»

ተናድጄ ውኃውን መሬት ላይ ደፋሁበት።

ባለፈው ክረምት ዝናቡ ግንቡን አፈረሰው፤ ጭቃው ድንጋዮቹን ዋጣቸው። እናቴ ዓርብ ዓርብ የት ቆማ ዱዓ እንደምታደርግ ጠፋት። አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ትቆማለች፤ «ይሰማኝ ይሆን?» ትለኛለች። ፊደል ያስተማረኝ ዐሚ ኢድሪስ የሠዓሊውን አድራሻ ያውቅ ነበርና ሥዕሉን እንዲልክልኝ ጻፍኩለት። ስለ ውኃው ይቅርታም ጠየቅሁ።

ዛሬ ጠዋት ሥዕሉን ይዤ ሠዓሊው ተቀምጦበት የነበረው አለት ላይ ተቀመጥኩ። ሦስቱ ባዶ ቦታዎች ከሾላው በስተግራ ናቸው። «ወደ ግራ! ኧረ ትንሽ ወደ ግራ!» እያልኩት ዐሚ ኢድሪስ ቆፈረ። ዶማው ድንጋይ መታ። ነጭ!

ያልተቀባው እንዴት እንደተሣለ አሁንም በደንብ አልገባኝም። እናቴ ግን ቦታዋን አግኝታ ቆማለች።

ዓርብ ከጸሎት በኋላ ሾላው ሥር ፍየል ይታረዳል፤ ገንፎም በባሚያ አለ። ይህን የምታነቡ ሁሉ ኑ ብላለች። ስትመጡ ከወንዙ አንዳንድ ነጭ ድንጋይ ያዙ፤ ዘንድሮ ዝናቡ እንዳይውጠው ከፍ አድርገን እንከምረዋለን።